ቁጥር 31ን ያያችሁ

በርጩማዋ ተመልሳ የመጣችው በየካቲት ነው። ሐሙስ ጠዋት። እማማ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈዋት ገቡ። የተቆጡም አይመስሉም።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ትናገራለች» አሉኝ።

«ምን ትላለች?»

«ስቀመጥባት ቂር፣ ስነሳ ቂር። መጀመሪያ ጉልበቴ መስሎኝ ነበር።»

ሳቅኩ። ገልብጬ ሳያት ግን ሳቄ ጠፋ። ከመቀመጫዋ መሀል የተነሳ ስንጥቅ እስከ አንዱ እግር ሥር ድረስ ወርዷል። ሳንቲም ያስገባል። እማማ በዚህች ተቀምጠው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከከሰል ምድጃ ፊት ለፊት ቡና አፍልተዋል። እግሯ አንድ ቀን ቢከዳቸው ወዴት እንደሚወድቁ አስቡት።

አባቴን ጠራሁት። መሮውን እንደያዘ መጣ። ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እምብርቱ ነው» አለ፣ የግንዱን መሀል ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብዙ አልተናገረም።

ከበርጩማዋ ሥር በጋለ ብረት የተተኮሰ ቁጥር አለ። 28። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቁጥር ነው።

ለማታውቁን፣ እኛ ጅማ ውስጥ በርጩማ የምንሠራ ሰዎች ነን። እኛ ስል አባቴ ይሠራል፣ እኔ እሸጣለሁ፣ ሂሳብ እይዛለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ አብዛኛው ሰው ያውቃታል። ከአንድ ግንድ ነው የምትፈለፈለው። ሚስማር የላትም፣ ኮላ የላትም። አባቴ ከአርባ ዓመት በላይ ሲፈለፍል ኖሯል። የሚወደው ዋንዛ ነው። ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ስለተከለከለ፣ አባቴ ገበሬ ማሳው ላይ ያለውን ዛፍ ከገበሬው በወረቀት ተዋውሎ ይገዛል።

ፍራንክፈርት የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ጀበና፣ ረከቦት፣ ስፌት ይሸጣል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ደወለልኝ። «36 በርጩማ ላኪልኝ» አለ። «ትልልቁን 24፣ ለልጆች የሚሆነውን 12። ደግሞ ለአሻንጉሊት የምትሆን፣ መዳፍ የምታክል ነገር ብትኖር ሰው ይወዳታል።» ስልኩን ሳልዘጋ በሐሳቤ የቤታችንን ቆርቆሮ ቀየርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ መጣ።

የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ የሚባል አለ። ሥራ ላይ የዋለው ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 13 ቀን 2024። ሌላ የተለየ ሕግ የሌለውን የሸማች ዕቃ ሁሉ ይመለከታል። በርጩማም ውስጡ አለች። እያንዳንዷ መለያ ቁጥር ይኑራት ይላል። የሠሪው ስም፣ የፖስታ አድራሻና የኢሜይል አድራሻ ይታወቅ ይላል። አውሮፓ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው ይኑር ይላል። ዕቃውን የሚያስገባው የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ያ ሰው እሱ ነው። ሠሪው ዕቃው ሰውን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሞ አጥንቶ ዶሴ ያዘጋጅ፣ ዶሴውንም 10 ዓመት ያስቀምጥ ይላል። ቅሬታ የሚመዘገብበት መዝገብም ይያዝ ይላል።

አሥር ዓመት! እኛ ቤት የመብራት ደረሰኝ አሥር ወር አይቆይም።

«ለበርጩማ?» አልኩት።

«ሰው ይቀመጥባታላ» አለኝ።

የተናደድኩበት ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ መብራት ይዞት ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ ከመንገድ ዳር የገዛችውን ቻርጀር ከሶኬት ሊነቅል ሲጎትተው፣ ሽፋኑ እጁ ላይ ቀረ፣ ሆድ ዕቃው ሶኬቱ ላይ። ልጁ ደግሞ ልጅ ነውና የቀረውን ሊነቅል ጣቱን ሰደደ። ወርውሮት ነው የለቀቀው። ሁለት ጣቱ ተቃጠለ። በዚያ ማለፉ የእግዜር ሥራ ነው።

በማግሥቱ ካርቶኑን ይዤ ሻጩን ፍለጋ ወጣሁ። ቦታው ላይ ካልሲ የሚሸጥ ሌላ ልጅ ቆሟል። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። የሠሪ ስም የለም። አገር የለም። አድራሻ የለም። ያለው አንድ ነገር ነው፣ «ሲኢ» የሚል ምልክት፣ በሚያምር ኅትመት።

ስልክ የሚጠግን ጎረቤት አለን። ያንን ሆድ ዕቃ በመርፌ እየነካካ አሳየኝ። ቻርጀር ውስጥ ሁለት ሰፈር አለ አለኝ። አንደኛው ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ሁለተኛው ወደ ስልኩ የሚሄደው 5 ቮልት ነው። በሁለቱ መሀል ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ ቦታና ጥሩ መሸፈኛ መኖር አለበት። «እዚህ ጋ ግን» አለ፣ «ፀጉር አይገባም።» አሜሪካ ያለው ዩኤል የተባለ መርማሪ ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 የአፕል ስም የተለጠፈባቸውን 400 ሐሰተኛ ቻርጀሮች ፈትሾ 99 በመቶው ወድቀዋል። 12ቱማ ሰው ሊገድሉ የሚችሉ ነበሩ። ይህን በኋላ ላይ ሳነብ የልጁ ጣት ነው ትዝ ያለኝ።

ስለ «ሲኢ» ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ለዓመታት ተሸውጄበታለሁ። የጥራት ማኅተም ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰሞን ደግሞ ፌስቡክ ላይ «ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው» የሚል ወሬ ሲዞር አምኜ አጋርቻለሁ። ሁለቱም አይደለም። ምልክቱ ሠሪው «ዕቃዬ የአውሮፓን ሕግ ያሟላል» ብሎ ራሱ የሚምለው መሐላ ነው። ለአብዛኛው ዕቃ ከመሐላው በፊት መጥቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ የለም። መሐላውን የሚያስከብረው ምልክቱ አይደለም፣ ከኋላው ያለው ዶሴና ስም ነው። የማለው ሰው ካልታወቀ ግን ምልክቱ ቀለም ብቻ ነው።

እና እኔ፣ አንድ ሚስማር እንኳ የሌላት በርጩማ ባለቤት፣ ለፍራንክፈርት ልጅ አሥር ዓመት የሚቆይ ዶሴ ላዘጋጅ ነው። የጅማን ልጅ ያቃጠለው ሰው ግን ስም የለውም። ያን ቀን ማታ ይህን እየደጋገምኩ አባቴን አሰለቸሁት።

አባቴ የመለሰልኝ በሂርማታ ነው። ሽማግሌ ሰው፣ ነገሩን ሁሉ ከሂርማታ ገበያ ነው የሚጀምረው። በአባ ጅፋር ጊዜ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። አያቱ እንደነገሩት፣ የገዛኸው ማሰሮ ቢያፈስ የሚቀጥለው ሐሙስ ይዘህ ትመለሳለህ። ሸክላ ሠሪዋ እዚያው ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ማሰሮውን ፊቷ ታስቀምጠዋለህ። «በቃ» አለ አባቴ፣ «ደንቡ ሐሙስ ነበር።»

ነገሩ ከዚያ በኋላ ገባኝ። የቻርጀሩ ሠሪ ሐሙስ የለውም። ባሕር ተሻግሮ፣ በአራት ነጋዴ እጅ አልፎ፣ ካልሲ የሚሸጠው ልጅ ቦታ ላይ ደርሶ ጠፍቷል። አውሮፓውያኑ ያንን ሁሉ ወረቀት የሚያስሞሉት ሐሙስን በግድ ለመመለስ ይመስለኛል። የእኛም አገር ሕግ በወረቀት ደረጃ ሩቅ አይደለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ደረሰኝም ስለ ዕቃ መግለጫም ይናገራል። ደረጃ የሚያወጣ ኢንስቲትዩት አለን፣ የሚፈትሽ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለን፣ አስገዳጅ ደረጃ የወጣላቸው ዕቃዎችም አሉ። ግን እኔ ቻርጀር ስገዛ ደረሰኝ ጠይቄ አላውቅም። እናንተስ?

ፎርሙን ለአባቴ በአማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ይህ ዕቃ ሰውን እንዴት ሊጎዳ ይችላል? ማንን? ጉዳቱን ለመቀነስ ምን አደረጋችሁ?

ተቆጣ። «አርባ ዓመት ሙሉ ማንን ጎዳሁ?»

«አላውቅም፣ አባዬ። ማን መጥቶ ነግሮን ያውቃል?»

ዝም አለ። ከዚያ ተነሳና ትንሿን የልጆች በርጩማ አምጥቶ መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጣት።

«ሦስት እግር አይወዛወዝም» አለ። «ጉልቻን እይ። አራተኛ ብትጨምሪ አንዱ ይንጠለጠላል።» እውነቱን ነው። የጭቃ ወለል ሁልጊዜ ወጣ ገባ ነው። አራት እግር ያላት ወንበር እዚያ ላይ ትንገዳገዳለች፣ ሦስት እግር ያላት ግን የትም ትተክላለች። «ግን» አለና እጁን ከመቀመጫዋ ጠርዝ ላይ፣ በሁለት እግር መሀል ባለው በኩል አድርጎ ተጫናት። ተገለበጠች።

በጠመኔ ሦስቱን እግሮች ወለሉ ላይ አገናኘኋቸው። ሦስት ማዕዘን ወጣ። የተቀመጠው ሰው ክብደት ከሦስት ማዕዘኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ከመስመሩ ከወጣ ይወድቃል። ትልቅ ሰው ይህን ሳያስበው ያውቀዋል። ሕፃን ግን ወደ ጎን ተንጠራርቶ ኳስ ያነሳል። አባቴ ለልጅ ሲሠራ እግሮቹን ወደ ውጭ ከፈት፣ ቁመቷን ዝቅ ያደርጋል። ሁልጊዜ እንደዚያ ሲያደርግ ለውበት ይመስለኝ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ስጠይቀው «ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ፎርሙ ላይ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ገጽ ሞላ።

ቀጥሎ ቅቡ ነበር። አባቴ የሚቀባው ጎማላካ ነው። ጎማላካ ከትንንሽ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፣ ፈረንጆቹ ከረሜላ እንዲያብረቀርቅ ይቀቡታል። ይህን ስነግረው እንዴት ደስ እንዳለው! ሰሞኑን ለገዢ ሁሉ «ብትልሰውም አይጎዳህም» እያለ አስቸገረኝ። ለአሻንጉሊቷ በርጩማ ያዘጋጀው ቀይ ቀለም ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። ቆርቆሮው ላይ የነበረው ወረቀት ተልጦ የለም። አንዳንድ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖራል፣ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያም አሜሪካም ያስቀመጡት ጣሪያ አንድ ነው፣ ከሚሊዮን 90 ክፍል። የእኛ ቆርቆሮ ስንት አለው? የሚነግረን የለም። አስወጣነው።

ቀለሙን ብናስወጣም መዳፍ የምታክለው በርጩማ አልዳነችም። የልጅ መቀመጫ የቤት ዕቃ ናት። የአሻንጉሊት መቀመጫ ግን መጫወቻ ናት። መጫወቻ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፣ የራሱ ፈተና አለው፣ ያ «ሲኢ» የሚባለው መሐላም ግዴታው ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ ቀላል ስለሆነ ቤት ሞከርኩት። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጥ መጫወቻ፣ ወይም ከሱ ተሰብሮ የሚወድቅ ቁራጭ፣ ወርዱ 31.7 ሚሊሜትር በሆነች አንዲት ቱቦ ውስጥ መግባት የለበትም። ከገባ የሕፃን ጉሮሮም ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ከካርቶን ጠቅልዬ ቱቦ ሠራሁ። በርጩማዋ አልገባችም። ደስ አለኝ። አባቴ በሁለት ጣቱ አንዱን እግሯን ቀጭ አድርጎ ሰበረና ጣል አደረገው።

ገባ።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ የላቦራቶሪውን ዋጋ ጠይቆ ነበር። ፈተናው ከአሻንጉሊት በርጩማዎቹ ጠቅላላ ሽያጭ በለጠ። እዚህ ላይ ሕጉን አላመሰግነውም። ሺህ ሺህ ለሚያመርት ፋብሪካና አንድ መሮ ለያዘ ሽማግሌ አንድ ዓይነት ክፍያ ነው። አሜሪካ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያልተቀባ እንጨት ከእርሳስ ምርመራ ነፃ ነው። ያው እንጨት፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ዶሴ። አገሮቹ እርስ በርስ ቢነጋገሩ የእኔ ዓይነቱ ሰው ይተነፍስ ነበር።

ዋናው ሥጋት የቀረው እንጨቱ ራሱ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ግን እኩል አይኮማተርም። በክቡ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ መሀል ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ እምብርቱ ውስጡ ያለ ግንድ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ይጎትታል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። መፍትሔው ግንዱን ለሁለት ሰንጥቆ፣ እምብርቱን አስወጥቶ፣ ከግማሹ መፈልፈል ነው። ለዚያ ደግሞ ወፍራም ዛፍ ያስፈልጋል። ሌላው ማድረቅ ነው። ጅማ ዝናብ የማያጣት አገር ናት፣ አየሩም እርጥብ ነው። የጀርመን ቤት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በማሞቂያ ይደርቃል። እዚህ የተስማማው እንጨት እዚያ ይጮሃል።

የአክስቴ ልጅ የእርጥበት መለኪያ ላከልን። ሁለት መርፌ አለው፣ እንጨቱ ላይ ሲወጉት ቁጥር ይሰጣል። አባቴ ንቆት ነበር። እሱ በጣቱ አንጓ ነው የሚያንኳኳው፣ እንደ በር። እኔ ለካሁ፣ 19 በመቶ አለ። እሱ አንኳኳ፣ «አልደረሰም» አለ። ተስማሙ። ከዚያ በኋላ መለኪያውን «ጓደኛዬ» ነው የሚለው። ለፍራንክፈርት የሚሄደውን እንጨት ማድ ቤቱ ቆጥ ላይ፣ ከጭሱ በላይ ሰቅለን ወደ 10 እስኪወርድ ጠበቅን።

ቁጥሩ የመጣው በመጨረሻ ነው። እያንዳንዷ በርጩማ መለያ ያስፈልጋታል ስለው «ከብት ነው እንዴ የምተኩሰው?» አለ። ግን ብረቱን አጋለ። ከፍ1 እስከ ፍ36 ተኮሰ። ፍ ለፍራንክፈርት ነው። ሥራውን ጨርሶ ብረቱን ሊያበርድ ሲል ሱቁ ውስጥ የተደረደሩትን አያቸው።

«የኛዎቹስ?» አለ። «ጅማ ያለ ሰው አይቀመጥባቸውም?»

ስለዚህ ለጅማ የሚሸጡትም ከ1 ጀምሮ ቁጥር አገኙ። እኔም ደብተር ያዝኩ። ቁጥር፣ ግንድ፣ የተሠራበት ቀን፣ የገዢ ስም፣ ስልክ። የፍራንክፈርቶቹ በታኅሣሥ ሄዱ። የማሸጊያ ሳጥን ከእንጨት ከሆነ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቅና ማኅተም ማግኘት ስላለበት በካርቶን አሸግናቸው። እስካሁን አንድም ቅሬታ አልመጣም።

እንግዲህ ወደ እማማ በርጩማ ልመለስ።

ደብተሩን ገለጥኩ። 28 ከአራተኛው ግንድ ነው የወጣችው። ከዚያው ግንድ 27፣ 28፣ 29፣ 30፣ 31፣ 32 እና 33 ወጥተዋል። ሰባት። የእርጥበት ዓምዱ ባዶ ነው። በሰባቱም ላይ ባዶ።

አባቴን ጠየቅኩት። ከገና በፊት ቸኩሎ ነበር። ግንዱ ቀጭን ስለሆነ እምብርቱን አላወጣውም። መለኪያው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መሳቢያው የኔ ነው። ለፍራንክፈርት የሚሄዱትን አንድ በአንድ ለካን። ለጅማ የሚሸጡትን አልለካንም። ማንም «አትለኩ» አላለንም። የሚጠይቀን ስላልነበረ ነው። ያን ቀን ስለ ቻርጀሩ ሠሪ የተናገርኩትን ሁሉ አስታወስኩ።

እማማ አዲስ በርጩማ ወሰዱ። 33 አልተሸጠችም ነበር፣ ከመደርደሪያ ወረደች። የቀሩት አምስት ናቸው።

ምን ብዬ ልደውል? መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። «ሰላም፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው የደወልኩት፣ ምናልባት ትንሽ ስንጥቅ…» ካልኩ በኋላ አቆምኩ። ያ የአውሮፓ ደንብ ስለዚህ የሚለው ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ዕቃ ከገበያ ሲሰበሰብ ማስታወቂያው «ለጥንቃቄ»፣ «በፈቃደኝነት»፣ «አልፎ አልፎ» የሚሉ ቃላትን እንዳይጠቀም ይከለክላል። ሰው እነዚህን ሲሰማ አደጋውን ያቃልለዋልና። ደግሞ ለገዢው ከጥገና፣ ከቅያሬና ከገንዘብ ተመላሽ ቢያንስ ሁለቱን አቅርቦ ያስመርጥ ይላል። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው አንድ ቀን ራሱ እንዲህ ዓይነት ስልክ ደውሎ ያውቅ ይሆን?

ለአባቴ ያነበብኩለት ሌላም ነገር አለ። አውሮፓ «ሴፍቲ ጌት» የሚባል አደገኛ ዕቃ የሚለጠፍበት የጋራ ሰሌዳ አላት። በፈረንጆቹ 2024 ብቻ 4,137 ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። ብዙው መዋቢያ ነው፣ ቀጥሎ መጫወቻ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ዕቃ። ፎቶ አለው፣ የምርት ቁጥር አለው። ትልልቆቹም አይቀርላቸውም። ሳምሰንግ በፈረንጆቹ 2016 ባትሪው እየተቃጠለ ያስቸገረውን ኖት 7 ሲሰበስብ ወደ 2.5 ሚሊዮን ስልክ ነበር። «እነሱ ያን ሁሉ ከሰበሰቡ» አለ አባቴ፣ «አምስት አያቅተንም።»

ወረቀቱን ቀድጄ በአጭሩ ጻፍኩ። «ከእኛ የገዙት በርጩማ ሊሰበርና ሊጥልዎ ይችላል። ዛሬውኑ መቀመጥ ያቁሙ። ሌላ እንሰጣለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን።»

27 አንዲት አስተማሪ ጋ ነበረች። ሳትጨቃጨቅ ባጃጅ ይዛ መጣች። እንጨቱ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ጀምሯል። ገንዘቧን አልፈለገችም፣ ሌላ በርጩማ መረጠች። ረጅሟን።

29 ፀጉር ቤት ናት። ባለቤቱ የሚቀመጡባት ተራ የሚጠብቁ ልጆች እንደሆኑ ሲነግረኝ ሆዴ ተላወሰ። ምንም ስንጥቅ የለባትም። አባቴ ግን ወሰዳት።

32ን የገዛው ሰው ስልኩን ዘጋብኝ። መልሼ ስደውል «ገንዘብ ልትመልሺልኝ? አካውንት ቁጥሬን ልትጠይቂኝ ነዋ!» አለ። አልፈርድበትም። በዚህ ዘመን ደውሎ ገንዘብ ልስጥህ የሚል ሌባ ነው። በመጨረሻ «አንኳኳት፣ ድምጿ ካልጠራ እውነቴን ነው» አልኩት። ማታ ራሱ ደወለ። አልጠራችም።

30 አጋሮ ሄዳለች። አባቴ ሚኒባስ ተሳፍሮ ራሱ ሄደ። ይዟት ሲመለስ አመሻሽ ነበር፣ ቡና አጠጥተውት፣ ማር ሰጥተውት። ሰዎቹ የተገረሙት በስንጥቁ አይደለም። ሠሪው ራሱ ፍለጋ በመምጣቱ ነው። አባቴ ደጋግሞ አወራው። ኩራትም ነበረበት፣ ሌላም ነገር ነበረበት።

አራቱንም ለሁለት ሰንጥቆ ለማገዶ አደረጋቸው። «ቆንጆዎች ነበሩ» አለ፣ ያ ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም በርጩማ የእርጥበት ቁጥሯ ሳይጻፍ ከሱቅ አትወጣም። ቀጭን ግንድ አንገዛም። ሂሳቡ ጎድቶናል፣ ቆርቆሮውም አልተቀየረም።

31 ቀርታለች። የተሸጠችው በጥር መጀመሪያ፣ ድንገተኛ ዝናብ በጣለበት ከሰዓት ነው። አንድ መንገደኛ ሊጠለል ገባ፣ አያት፣ ከፈለ፣ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ሮጠ። ስልኩን አልጠየቅኩትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገርም አይቻልም ነበር። ደብተሩ ላይ በእጄ የጻፍኩት «ሰማያዊ ጃኬት» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። የዋንዛ በርጩማ ናት፣ ሦስት እግር፣ ቁመቷ ከጉልበት ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ ማር መሳይ። ገልብጣችሁ እዩአት። ከሥሯ 31 የሚል ቁጥር ከተተኮሰባት ልትሰበር ትችላለች፣ ከእሳት አጠገብ ደግሞ ሰው ታቃጥላለች። አትቀመጡባት፣ ልጅም አታስቀምጡ። የገዛችሁበትን ሱቅ ታውቁታላችሁ፣ መልሱልን። ወይ ሌላ ትመርጣላችሁ፣ ወይ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ። ደረሰኝ አንጠይቅም፣ መጀመሪያውኑ አልሰጠናችሁምና።